ሚኒስትሪ ያለፈ የገጠር ልጅ 9ኛ ክፍል የት ይግባ? የቀበሌው ትምህርት ቤት፣ ወረዳ ከተማ፣ ዘመድ ቤት ወይስ አዳሪ

ክረምት ላይ ከገጠር ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሪያድና ወደ ቤይሩት ከሚደወሉት ስልኮች ብዙዎቹ የሚይዙት አንድ ጥያቄ ነው፦ «ልጁ ሚኒስትሪ አልፏል። እዚሁ ይማር ወይስ ከተማ እንላከው?» የሚጠይቁት እናትና አባት ናቸው። መልስ የሚጠበቅበት ደግሞ ገንዘብ የሚልከው ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እኅት ነው። ይህን የጻፍኩት ያ ስልክ ለሚደወልላችሁ ነው።

እኔ ገጠር ባለ ሁለተኛ ደረጃ አስተምሬያለሁ፤ ስለዚህ ወገንተኝነቴን ከወዲሁ እወቁልኝ። ትንሹ የገጠር ትምህርት ቤት ከሚወራበት ይሻላል እላለሁ። ሁልጊዜ ግን አይደለም፤ የማይሻልበትን ጊዜ የሚያሳዩ ምልክቶች አሉ፣ ወደ እነሱም እመጣለሁ።

በምን እንመዝን?

የእኔ መመዘኛዎች አምስት ናቸው፦ የመምህር መኖር፣ በአግባቡ የተነበበ የፈተና ውጤት፣ 9ኛ ከገቡት ውስጥ 12ኛ የሚደርሱት ብዛት፣ የልጁ ውሎና አዳር፣ ወጪ። ሕንፃ ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ባለ ፎቅ ሆኖ ሙሉ መንፈቀ ዓመት የሒሳብ መምህር ያላገኘ ትምህርት ቤት አለና።

*መምህር።* «መምህር አለ ወይ?» ብትሉ መልሱ ሁልጊዜ «አለ» ነው። መጠየቅ ያለበት እንዲህ ነው፦ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና ፊዚክስ የሚያስተምረው ማን ነው? የተመረቀው በምንድን ነው? ከመቼ ጀምሮ እዚያ አለ? ሒሳብና እንግሊዝኛ ተፈጥሮ ሳይንስ የመረጠም ማኅበራዊ ሳይንስ የመረጠም የሚፈተናቸው ናቸው። በዚያ ላይ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ከአገር ቋንቋዎች በቀር ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ እንግሊዝኛው የደከመ ልጅ ባዮሎጂውም ታሪኩም አብሮ ይደክማል። ፊዚክስን የጨመርኩት መምህሩ በዝውውር ሲሄድ ቦታው ቶሎ ስለማይሞላ ነው።

እኔ ከማንም ወሬ በላይ የማምነው ማስረጃ ደብተር ነው። አምና 10ኛ ክፍል የተማረ የአካባቢውን ልጅ ፈልጉና የፊዚክስ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላክላችሁ። በየገጹ ጥግ ያለውን ቀን ተከተሉ። ጥቅምት ላይ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ተጽፏል። ኅዳር አጨዳ ነው፤ ይሳሳል። ከጥር በኋላ ቀኑ በየሁለት ሳምንቱ ሆነ፣ ከዚያ ርዕስ ብቻ፣ ከዚያ ባዶ ወረቀት። እንዲህ ያለ ደብተር ካያችሁ መምህሩ የካቲት ላይ ሄዷል፣ ተተኪም አልመጣም ማለት ነው። ሰኔ ድረስ ቀኑ ሳይቋረጥ፣ የቤት ሥራው በቀይ እስክሪብቶ ታርሞ ካያችሁ ግን ያ ትምህርት ቤት ቆርቆሮው ቢያፈስም ትምህርት አለው።

*የፈተና ውጤት።* እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ነውና።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ናቸው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች በ2014 1,161፣ በ2015 1,328፣ በ2016 1,363 ነበሩ። «የእኛው ትምህርት ቤት ዜሮ ነው» የሚለው ወሬ ከዚህ ይነሳል፤ ቤተሰብም ዜሮውን ሰምቶ ልጁን ጠቅልሎ ከተማ ይልካል።

አንድ ስሌት እንሥራ። 30 ተፈታኝ ያለው ትምህርት ቤት አለ፤ ልጆቹ በችሎታ ከአገሪቱ አማካይ ምንም አያንሱም እንበል። በ2015ቱ 3.2 በመቶ ሒሳብ ከ30ው የሚጠበቀው አንድ ልጅ ነው፤ አንድም ሳይሞላ። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት በዕድል ብቻ ዜሮ ሆኖ የመቅረቱ ነገር ከመቶ 38 ገደማ ይሆናል። 300 ተፈታኝ ላለው የከተማ ትምህርት ቤት ግን ያው ዕድል ከሺህ አንድ እንኳ አይሞላም። ትልቁ ትምህርት ቤት ሰባት ስምንት ልጅ አሳልፎ በሬዲዮ ሲመሰገን፣ ትንሹ ከእሱ ሳያንስ «ዜሮ» ተብሎ ይጠራል። በማግሥቱ ዓመት ትንሹ ሁለት ቢያሳልፍ ደግሞ «ወደ 7 በመቶ አሳለፈ፣ ከአገር አማካይ በለጠ» ይባላል። የአንድ ዓመት ውጤት ለትንሽ ትምህርት ቤት አይፈርድም፣ አይመሰክርም።

አራት ዓመት በተከታታይ ዜሮ ከሆነስ? ያ ሌላ ነገር ነው። በየዓመቱ 30 እያስፈተነ በ2014፣ በ2015፣ በ2016ም በ2017ም አንድም ያላሳለፈ ትምህርት ቤት በአማካይ ደረጃ ላይ ቢሆን ኖሮ በአራቱ ዓመት ስድስት ያህል ልጅ ማሳለፍ ነበረበት። አራቱንም ዓመት በዕድል ብቻ ዜሮ መውጣት ከሺህ ሁለት ጊዜ ገደማ የሚያጋጥም ነው። እንዲህ ካለው ልጁን አርቁ፤ ዕድል አይደለም።

ስለዚህ «ስንት አለፈ?» ብላችሁ አታቁሙ። ከ600ው ከፍተኛው ውጤት ስንት ነበር? ከ200 በላይ ያመጡት ስንት ናቸው? ከ2015 ጀምሮ በተከፈተው ሪሚዲያል (ማለፊያውን ሳያገኙ የቀረቡ ልጆች በሚማሩት የማካካሻ ትምህርት) የገቡት ስንት ናቸው? ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ ከ600 ሲታሰብ 300። 280፣ 265፣ 250 ያመጡ ልጆች ያሉት ትምህርት ቤትና ከፍተኛው ውጤቱ 170 የሆነ ትምህርት ቤት ሁለቱም «ዜሮ» ተብለው ይጻፋሉ፤ በመካከላቸው ግን የሰማይና የምድር ልዩነት አለ።

በክፍል ውስጥ የሚሰጠውን ማርክ ለማወዳደሪያ አትጠቀሙበት። በአንዱ ትምህርት ቤት 92 አማካይ፣ በሌላው 74 ሊሆን ይችላል፤ ማን እንደሚበልጥ ብሔራዊው ፈተና እስኪመጣ አይታወቅም።

*ከገቡት ስንቱ ይደርሳሉ?* የመዝገብ ቤቱን ሮስተር የሚያሳያችሁ ሰው ካገኛችሁ የዘንድሮውን የ12ኛ ክፍል ስም ዝርዝርና የእነዚህኑ ልጆች የ9ኛ ክፍል ዝርዝር አስተያዩ። 9ኛ ላይ 80 የነበሩት 12ኛ ላይ 20 ከሆኑ 60ዎቹ የት እንደሄዱ ጠይቁ። ከፊሉ መሸኛ ወስዶ ከተማ ገብቷል፣ ከፊሏ ተድራለች፣ ከፊሉ በስደት ወጥቷል፣ ከፊሉ ሞፈር ጨብጧል። ከተማ የገቡት አብዛኛውን ጊዜ ጎበዞቹ ወይም አቅም ያላቸው ስለሆኑ፣ የትንሹ ትምህርት ቤት የ12ኛ ውጤት የቀሩት ልጆች ውጤት ነው። የከተማው ውጤት ደግሞ በከፊል ከገጠር የተቀበላቸው ልጆች ነው። ማን ማንን እንዳስተማረ ሳይለዩ ሁለቱን ማወዳደር ልክ አይደለም።

የተማሪ ቁጥር ሌላም መዘዝ አለው። ለትምህርት ቤት የሚሰጠው የድጎማ ገንዘብ በተማሪ ብዛት ይሰላል፤ የመምህር ምደባም የሚከተለው የክፍሉንና የክፍለ ጊዜውን ብዛት ነው። ልጆች ሲለቁ ገንዘቡ ይቀንሳል፣ አንድ መምህር ሁለት ዓይነት ትምህርት ይደረብለታል፣ ያ ደግሞ የቀሩትን ልጆች ያስለቅቃል። ለዚህ ነው የተማሪው ቁጥር እየቀነሰ ነው ወይስ እየጨመረ ብላችሁ መጠየቅ ያለባችሁ። የዘንድሮው 9ኛ ክፍል ከአምናው ከበለጠ ጥሩ ምልክት ነው።

*ውሎና አዳር፣ ወጪ።* ልጁ ስንት ሰዓት ይጓዛል? ሁለት ሰዓት ሄዶ ሁለት ሰዓት የሚመለስ ልጅ በሳምንት 20 ሰዓት በእግሩ ላይ ነው። ማን ጋር ያድራል፣ ምን ይበላል፣ መንገዱ ሰላም ነው? በአማራ ክልል ከ2015 ክረምት ወዲህ በግጭቱ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ስለተዘጉ፣ እዚያ አካባቢ ያላችሁ ከሁሉ በፊት «ባለፈው ዓመት ስንት ወር ተማሩ?» ብላችሁ ጠይቁ። ክፍት ነው ማለትና ተምረዋል ማለት አንድ አይደለም።

የቀበሌው ትምህርት ቤት

ብዙ ጊዜ በቅርብ ዓመታት የተከፈተ፣ ከ9ኛና ከ10ኛ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ 12ኛ የሚያድግ ነው። ትልቁ ጥቅሙ የልጁ አልጋ እቤቱ መሆኑ ነው። ትኩስ ምግብ ይበላል፣ እናቱ ታየዋለች፣ ኪራይ የለም። በክፍሉ 30 ወይም 35 ልጅ ሊኖር ይችላል፤ ለሁለተኛ ደረጃ የተቀመጠው መስፈርት 40 ነው። ወረዳ ከተማ ይህን ቁጥር አታገኙትም። መምህሩ የልጁን ስም፣ የአባቱን ስም፣ ትናንት ለምን እንደቀረም ያውቃል።

ጉድለቱም ከትንሽነቱ የሚመጣ ነው። ፊዚክስ የሚያስተምረው አንድ ሰው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ይሸፍናል፤ እሱ ከታመመ ወይም ከተዛወረ አራት ክፍል በአንድ ቀን ያለ ፊዚክስ ይቀራል። ከተማ እየኖሩ የሚመላለሱ መምህራን ባሉበት ሰኞ ጠዋትና አርብ ከሰዓት ስንት ክፍለ ጊዜ እንደሚባክን ልጆቹን ጠይቁ፤ ከነስሙ ይነግሯችኋል። አንዳንዱ 11ኛ ላይ አንዱን ዘርፍ ብቻ ይከፍታል፤ ሐኪም መሆን የሚፈልግ ልጅ ተፈጥሮ ሳይንስ እንዳለ አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት። መብራት ከሌለ የአይሲቲ ትምህርት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይቀራል። ከ2016 ጀምሮ ከብሔራዊው ፈተና ተፈታኞች ከፊሉ በኮምፒውተር መፈተን በመጀመራቸው ማውስ ሳይነካ 12ኛ የደረሰ ልጅ ላይ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ብዙ ሰው የማያነሳው ነገር ደግሞ አለ። ቤት ያለ ልጅ የሥራ እጅ ነው። አጨዳ ሲደርስ ይቀራል፣ በገበያ ቀን ይቀራል፣ ከብት ጠባቂ ሲጠፋ ይቀራል። ገንዘብ የምትልኩ እናንተ ከሆናችሁ እዚህ ጋ ቃላችሁ ይደመጣል፤ «ኪራዩን አልከፍልም፣ በዚያው ገንዘብ ለአጨዳ ሰው ቅጠሩና ልጁ አይቅር» ማለት ትችላላችሁ። ከቀረው ገንዘብ የሶላር መብራት፣ አጋዥ መጻሕፍት፣ የመማሪያ መጻሕፍቱ ፒዲኤፍ የተጫነበት ስልክ ግዙለት። መጽሐፍ ለሁለት ለሦስት በሚታደልበት ክፍል መጽሐፉ በስልኩ ያለው ልጅ ብዙ ይራመዳል። ፌስቡክም እንደሚያይ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ይሻላል።

ወረዳ ከተማ፣ ቤት ተከራይቶ

የተለመደው ሥርዓት ይህ ነው፦ ሦስት ልጆች አንድ የጭቃ ክፍል ይከራያሉ፤ እሑድ ማታ ስንቃቸውን ተሸክመው ይገባሉ፤ አርብ ከሰዓት ወደ ገጠር ይመለሳሉ። ስንቁ እንጀራ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ ነው። እንጀራው እስከ ረቡዕ ይደርሳል፣ ሐሙስ ይሻግታል፤ ከዚያ ወዲያ ድርቆሽ ወይም በሶ ነው። በክረምት መግቢያ መንገዱ ሲበላሽ ስንቅ ሳይመጣ የሚያልፍ ሳምንት አለ። ሐሙስና አርብ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ልጅ ሰነፍ ላይሆን ይችላል።

ለዚህ ሁሉ የሚገኘው ጥቅም እውነተኛ ነው። በየትምህርቱ ከአንድ በላይ መምህር አለ፤ አንዱ ቢሄድ ሌላው ይሸፍናል። ሁለቱም ዘርፍ አለ። ቤተ መጻሕፍት፣ ቅዳሜ ቱቶሪያል፣ አልፎ አልፎ የሚሠራ ኮምፒውተር ክፍል አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተፎካካሪ አለ፤ በቀበሌው አንደኛ የነበረ ልጅ እዚህ ሰባተኛ ሲወጣ ወይ ይሰበራል ወይ ይነቃል።

በሌላ በኩል በአንድ ክፍል 60ና 70 ተማሪ ማየት ብርቅ አይደለም፣ በፈረቃ የሚያስተምሩም አሉ። ከሰዓት ፈረቃ ያለው ልጅ ጠዋቱን ፑል ቤት አጠገብ ያሳልፋል ወይስ ቤተ መጻሕፍት? ይህን የሚወስነው አብረውት የሚኖሩት ልጆች ማንነት ነው። እኔ ቤት ሲፈለግ መጀመሪያ የማየው የኪራዩን ዋጋ ሳይሆን አብረውት የሚከራዩትን ልጆች ነው። 12ኛ ወይም 11ኛ ክፍል የሆነ ታላቅ ዘመድ አብሮት ካለ ግማሹ ሥጋት ቀለለ።

ለሴት ልጅ ጉዳዩ ይከብዳል። በ15 ዓመቷ በሯ በደንብ በማይቆለፍ ክፍል ብቻዋን እንድታድር ማድረግ ምክር አይደለም። ሴቶች ብቻ የሚከራዩበት ግቢ፣ ባለቤቷ እዚያው የምትኖር አከራይ፣ ለትምህርት ቤቱ ቅርብ የሆነ ቤት፤ ሦስቱ ካልተሟሉ ሌላ አማራጭ እዩ።

ወጪውን ስታሰሉ ኪራዩን ብቻ አትቁጠሩ። ከመስከረም እስከ ሰኔ አሥር ወር ነው፤ ኪራይ፣ የከሰል ወይም የላምባ፣ የመብራትና የውሃ ድርሻ፣ ሳሙና፣ ትራንስፖርት፣ ዩኒፎርም፣ የወርክሺት ኮፒ፣ የትምህርት ቤት መዋጮ። አንዳንድ ቤት ክረምቱንም ካልከፈላችሁ ለሌላ ይሰጣል፤ ያኔ አሥራ ሁለት ወር ሆነ።

ዘመድ ቤት

ዞን ከተማ ወይም አዲስ አበባ ያለ አጎት፣ አክስት፣ የአክስት ልጅ ዘንድ መላክ ርካሹ መንገድ ይመስላል። ሳይነገር የሚቀረው ዋጋው ነው። ልጁ ሱቅ ይጠብቃል፣ ልጅቷ ትጋግራለች፣ ታጥባለች፣ ሕፃን ትይዛለች። ማታ አራት ሰዓት ላይ ደብተር ስትከፍት ዓይኗ ይከደናል። ከዚያም «ቀን ሥራ አለ፣ ማታ ትማር» ይመጣል። ከቀን ወደ ማታ የተዛወረች ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ማቋረጥ እየሄደች ነው።

ሁሉም ዘመድ እንዲህ ነው እያልኩ አይደለም፤ እንደ ልጁ አድርጎ ያስተማረ ስንት አለ። ልዩነቱን የሚያመጣው ቀድሞ መነጋገር ነው። ነውር መስሎን የምንተወውን አንሱት፦ «ጋሼ፣ የምግቡን ይህን ያህል በየወሩ እልካለሁ፤ ልጅቷ በቀን ትማር፣ ከማታ አንድ ሰዓት በኋላ ታጥና።» ገንዘብ የሚከፈልበት አደራ የልጅቷን ሰዓት ለመጠየቅ አፍ ያስከፍታል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ከተቆጡ መልሳችሁን አገኛችሁ።

ከክልል ክልል መዛወር ካለ ወረቀቱን ቀድማችሁ ጨርሱ። መሸኛና የ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬት ሳይይዝ የመጣ ልጅ መስከረምን በሙሉ ደጅ ሲጠና ይከርማል።

አዳሪና ልዩ ትምህርት ቤት

በየክልሉ በመንግሥት፣ በልማት ማኅበራትና በበጎ አድራጎት የሚተዳደሩ አሉ፦ በአዳማ የኦሮሚያ ልማት ማኅበር ልዩ አዳሪ፣ በኦሮሚያ የተለያዩ ዞኖች የተከፈቱት ኢፋ ቦሩ፣ በወላይታ ሶዶ ሊቃ፣ በመቀሌ ካላሚኖ። በመግቢያ ፈተናና በ8ኛ ክፍል ውጤት ጎበዝ ጎበዙን ይመርጣሉ። ለ12ኛ ክፍል ፈተና ካስቀመጧቸው ልጆች አብዛኞቹን፣ አንዳንዴም ሁሉንም ያሳልፋሉ። ይህ ውጤት በማስተማር ብቻ የመጣ እንዳይመስላችሁ፤ ከመላው ዞን ወይም ክልል የተለቀመ ልጅ የትም ቢገባ የተሻለ ያመጣል። ያም ሆኖ ምግቡ፣ አልጋው፣ መምህሩ፣ የጥናት ሰዓቱ አንድ ቦታ የተሟላበት ሌላ አማራጭ የለም። ልጁ ከገባ አታመንቱ።

ችግሩ ወንበሩ ጥቂት መሆኑ ነው። የምዝገባ ማስታወቂያው ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ላይ ተለጥፎ ገጠር ሳይደርስ ጊዜው ያልፋል። ልጁ ከክፍሉ ከአንድ እስከ ሦስት የሚወጣ ከሆነ ገና 8ኛ ክፍል ሁለተኛ መንፈቅ ላይ ጠይቁለት፤ ፈተናውን ወስዶ ቢወድቅ የሚከስረው የአንድ ቀን መንገድ ነው።

የግል ትምህርት ቤትን ባጭሩ ልለፈው። በወረዳ ከተማ የተከፈተ የግል ሁለተኛ ደረጃ ክፍያውም ኪራዩም ተደምሮ ከሁሉ ውድ ይሆናል፤ መምህራኑም አንዳንዴ እዚያው የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምሩት ናቸው። በዚያው የደብተር መንገድ ፈትሹት፤ ካለፈ ይግባ።

መንገዱን መክፈል፦ 9ኛና 10ኛ እዚህ፣ 11ኛና 12ኛ ከተማ

ለመካከለኛ አቅም ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ የምመክረው ይህን ነው። ወጪው በእኩሌታ ይቀንሳል። ልጁ ብቻውን መኖር የሚጀምረው በ14 ሳይሆን በ16 ወይም በ17 ዓመቱ ነው። የዘርፍ መምረጫው ላይ ሲደርስ ሁለቱም ዘርፍ ያለበት ይገባል።

ነገር ግን 9ኛና 10ኛ የማለፊያ ጊዜ አይደለም። ብሔራዊው ፈተና የሚቆመው 9ኛ ላይ በሚጀመረው ሒሳብና እንግሊዝኛ ላይ ነው፤ እዚያ የጎደለ 11ኛ ላይ በ70 ልጅ ክፍል ውስጥ አይሞላም። ስለዚህ ይህ መንገድ የሚሠራው የቀበሌው ትምህርት ቤት የደብተሩን ፈተና ቢያንስ በሒሳብና በእንግሊዝኛ ካለፈ ነው። ካላለፈ ከ9ኛ ጀምሮ መላክ ይሻላል።

በአንድ ላይ ሲታይ

| አማራጭ | መምህር | በአንድ ክፍል የተማሪ ብዛት | ውሎና አዳር | ወጪ | ቀድሞ የሚጣራ |
|---|---|---|---|---|---|
| የቀበሌው ትምህርት ቤት | በየትምህርቱ አንድ፤ ሲሄድ ይጎድላል | አነስተኛ | እቤቱ፤ የአጨዳና የከብት ሥራ ጫና አለ | በጣም ዝቅተኛ | የአምና ደብተር፣ 11ኛ ላይ ያለው ዘርፍ |
| ወረዳ ከተማ በኪራይ | የተሟላ | ብዙ፤ ፈረቃ ሊኖር ይችላል | ስንቅ፤ ጥበቃው የላላ | መካከለኛ | አብሮት የሚኖረው ማን ነው |
| ዘመድ ቤት | የተሟላ | ብዙ | በዘመዱ ፈቃድ | ዝቅተኛ ይመስላል | የሥራና የጥናት ሰዓት ስምምነት |
| አዳሪ ወይም ልዩ | በጣም ጥሩ | አነስተኛ | የተሟላ | የመንግሥትና የማኅበራቱ ዝቅተኛ፣ የግሉ ከፍተኛ | የመግቢያ ፈተናው ቀን |
| የግል በከተማ | ይለያያል | መካከለኛ | ኪራይ ወይም ዘመድ | ከፍተኛ | የሚያስተምሩት እነማን ናቸው |
| 9–10 እዚህ፣ 11–12 ከተማ | መጀመሪያ ውስን፣ ኋላ የተሟላ | ትንሽ፣ ከዚያ ብዙ | ሁለት ዓመት እቤት | የኪራዩ እኩሌታ | የሒሳብና የእንግሊዝኛ ደብተር |

ለማን የትኛው?

ገንዘብ ለሌለው ቤተሰብ፣ የቀበሌው ትምህርት ቤት ደብተር ጥሩ ከሆነ፦ ልጁ እዚያው ይማር፤ ዜሮ የሚለው ወሬ አያስደንግጣችሁ። በወር ለአንድ ክፍል ኪራይ የሚሆን ካላችሁ በዚያው አጋዥ መጽሐፍና መብራት ግዙ፤ ክረምት ላይ ደግሞ ከተማ አምጥታችሁ ኮምፒውተር እንዲለማመድና እንግሊዝኛ እንዲማር አድርጉ።

በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት የፊዚክስና ሁለት የሒሳብ መምህር የሄዱበት፣ 12ኛ ክፍሉ በየዓመቱ እየሳሳ ያለ፣ አራቱንም ዓመት ዜሮ የሆነ ትምህርት ቤት ከሆነ ኪራዩን ክፈሉ። ተበድራችሁም ቢሆን።

ለሴት ልጅ የእኔ ቅደም ተከተል አዳሪ፣ ቀጥሎ የቀበሌው፣ ቀጥሎ ውል ያለው ዘመድ ቤት፣ መጨረሻ ኪራይ ነው። ግን የቀበሌው ትምህርት ቤት መንገዱ ሁለት ሰዓት በጫካ ከሆነ ኪራይ በቅደም ተከተሉ ከቀበሌው በላይ ይወጣል። እቤት መቅረቷ ለጋብቻ ጥያቄ የሚያጋልጣት ከሆነም እንዲሁ፤ ይህን ከእናቷ ጋር ለብቻ ተነጋገሩ፣ በአባት ፊት አይነገርም።

መካከለኛ ተማሪ ከተማ ሲገባ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። በ70 ልጅ መካከል የሚያስታውሰው መምህር የለም፤ በ30 ልጅ ክፍል ግን ይታያል። ሰው ሁሉ ጎበዙን ልጅ ስለመላክ ያስባል፤ እኔ ትንሹ ትምህርት ቤት ይበልጥ ይጠቅማል የምለው ለመካከለኛው ነው።

ጎበዙ ግን ተፎካካሪ ያስፈልገዋል። አዳሪ ካልገባ ቢያንስ 11ኛ ላይ ከተማ ይግባ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ምዝገባ ብዙ ቦታ ነሐሴ ላይ ስለሚጀመር ሐምሌ ሳያልቅ ደብተሩን አስልኩ፣ መሸኛውንም አስወጡ፤ ርእሰ መምህሩ ለዕረፍት ከወጣ ማኅተም የሚመታላችሁ አታገኙም። የ11ኛ ክፍል ተማሪን ማዛወር ይቻላል። 12ኛ የገባን ልጅ ግን አታዛውሩ፤ ለብሔራዊው ፈተና የሚመዘገበው በሚማርበት ትምህርት ቤት በኩል ስለሆነ፣ በመሃል ዓመት የተንቀሳቀሰ ልጅ ስሙ ከአንዱ ወጥቶ ከሌላው ሳይገባ ሊቀር ይችላል።